የሣሩ ሕግና የሕንፃው ሕግ

ስለ ቤት ጥንካሬ የሚወጣ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ይጀምራል። ግድግዳው ምን ያህል ይወፍር፣ ዓምዱ ምን ያህል ብረት ይግባበት፣ ፕላኑን ማን ይፈርም፣ ፈቃዱን ማን ይስጥ ይላል። በመንዝ ደጋ ለዘመናት የጸናው ሕግ ግን ስለ ቤት አያነሳም፤ የሚያወራው ስለ ሣር ነው። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ማን እንደሚያጭደው፣ ስንት ዓመት ሳይነካ እንደሚቆይ ይወስናል። ጸሐፊዎች ይህን ሥርዓት ሲያነሱ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ጥበቃ ይጽፋሉ፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የቤት ሕግ አድርጌ አየዋለሁ። በሰሜን ሸዋ ደጋ የገበሬውን መጠለያ ከውርጭ፣ ከበረዶና ከክፉ ዘመን ሲጠብቅ የኖረው ቤቱን የተቆጣጠረ ሕግ አይደለም፤ ቤቱ የሚሠራበትን ነገር የተቆጣጠረ ሕግ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት የወረቀት ሕጎች ቤቱን ራሱን ለመያዝ ተነሡ፤ የገበሬው ደጃፍ ግን ሳይደርሱ ቀሩ። የአየር ንብረት በሚለዋወጥበትና የምድር መንቀጥቀጥ ዜና በማይጠፋበት በዚህ ዘመን ለገጠር ቤት ሕግ ይውጣ ከተባለ፣ የሁለቱን የሕግ ዘሮች ታሪክ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

መጀመሪያ አገሩን እንይ። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ የሚከፈለው መንዝ ከባሕር ወለል በላይ አብዛኛው 3,000 ሜትር አካባቢ የሚገኝ ሜዳማ ደጋ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ በገደል ይቆረጣል፤ በምዕራብና በደቡብ ደግሞ የጀማ ወንዝና ገባሮቹ በጥልቅ ሸለቆ ይሸረሽሩታል። ከእነዚህ ሸለቆዎች ማዶ መርሐ ቤቴ አለ፤ በሰሜን ግሼ ይቀጥላል። ዛፍ ብርቅ፣ ድንጋይ ግን ሞልቶ የተረፈበት አገር ስለሆነ የመንዝ ገበሬ ግድግዳውን ከድንጋይና ከጭቃ ይሠራል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ገብስ ያቃጥላል፤ በክረምት በረዶ ይወርዳል፤ ሰውም በጉም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው። የመንዝ ሰው ከበጉ ፀጉር በናና ዝተት መሥራቱ የታወቀለት ያለ ምክንያት አይደለም። በእንዲህ ያለ አገር ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊቱን ያሳልፋል፤ ወፍራም የሣር ክዳን ደግሞ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይከለክላል፣ የበረዶውን ድብደባም ይችላል። ግድግዳው አንዴ ከቆመ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጣሪያው ግን ይበሰብሳል፣ ይሳሳል፣ በየጊዜው ይታደሳል። ስለዚህ በመንዝ ቤት ውስጥ ለችግር የተጋለጠው ክፍል ጣሪያው ነበር። ሕጉም ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

ጓሳ የሚባለው ሣር፣ ስሙን ለአካባቢውም የሰጠው፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርሰው የጌራ ምድር ከፍታ ላይ በብዛት ይበቅላል። ረዥምና ጠንካራ ስለሆነ ለክዳንም ለገመድም ተመራጭ ነው። የአካባቢው ትውፊት ሥርዓቱን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩ ሁለት አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ ጋር ያያይዘዋል። የሁለቱ ዘር ነኝ የሚል ሁሉ በአጽመ ርስት ሥርዓት ከጓሳ ድርሻ ነበረው። ይህን የጋራ ርስት የሚያስተዳድረው ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። ሕዝቡ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ በአለቃው ሥር አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ተራ ገብቶ ጓሳን ይጠብቃል። ጓሳ ከተዘጋ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ማንም አይነካውም። የሣሩ ቁመትና የሕዝቡ ችግር ታይቶ እንዲከፈት ሲወሰን፣ ቀኑ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል። አከፋፈቱም ቅደም ተከተል ነበረው። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብት ይገባል፤ በመጨረሻ ጨረንፌውና ሌላው ቁጥቋጦ ለማገዶ ይለቀማል። ክረምት ሲገባ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ሁሉም ለቆ ይወጣል፤ ጓሳም ይዘጋል።

ቅደም ተከተሉ ውስጥ ያለውን ብልኅነት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሣሩ ከከብቱ ቀድሞ የሚታጨደው ክዳን ከግጦሽ በላይ ስለሚያስፈልግ ብቻ አይመስለኝም፤ ከብት የረገጠው ሣር ለክዳን ስለማይሆን ነው። ክዳን የሚሆነው በቁመቱ ሳይሰበር የታጨደ ሣር ነው። መከፈቻው ከክረምት በፊት በደረቁ ወቅት መሆኑም እንዲሁ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሣሩ ደርቋል፣ ገበሬው ከአዝመራ ሥራ አርፏል፣ ቤቱ ዝናብ ሳይነካው ከፍቶ ለመክደን ይመቻል፣ ደቦ ለመጥራትም ጎረቤት ይገኛል። ብዙ ሰው በአንድ ሰሞን ሣር ስለሚያገኝ ክዳኑም በአንድ ሰሞን ይታደሳል። ዛሬ የአደጋ ስጋት ባለሙያዎች የጥገና ዑደት፣ የግብዓት ዋስትና፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ እያሉ የሚጠሩት ነገር ሁሉ በአንድ የሣር ሕግ ውስጥ ታጥፎ ነበር። የክዳን ሣር ገበያ የማያስወድደው፣ ድርቅ ባለበት ዓመትም ከነመጠባበቂያው የሚገኝ ነገር ነበር። በክፉ ዘመን ጓሳ የከብት ማትረፊያም ሆኖ አገልግሏል፤ ከብት የተረፈለት ገበሬ ደግሞ ቤቱን ነቅሎ እንጨቱን ለመሸጥ አይገደድም። በረኃብ ታሪካችን ውስጥ ቤት ከሚፈርስባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው፤ ሰው ርቦት ሲሰደድ ክዳኑ ያፈስሳል፣ ማገሩ ይማገዳል፣ ሲመለስ የሚያገኘው ክብ የድንጋይ ፍርስራሽ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ቄሮ የባለርስት ሥርዓት ነበር። የአስቦና የጌራ ዘር መቁጠር ያልቻለ ጓሳን ከሩቅ ያያል እንጂ አይነካም። አለቃ የሚመርጡትም የሚመረጡትም ወንዶች ናቸው። ቅጣቱም እንደዋዛ የሚታይ አልነበረም፤ ሽማግሌዎች የሚያወሱት ድብደባና ቤት እስከ ማቃጠል የሚደርስ እርምጃ ነበር። የቤት ሕግ ያልኩት ሥርዓት ቤት ያቃጥል ነበር ማለት ነው። ይህን መሸፈን አይገባም። ሆኖም ተቃውሞው የሚያፈርሰው ምኑን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የሚያፈርሰው የአባልነቱን ወሰንና የቅጣቱን ጭካኔ ነው፤ ጥሬ ዕቃውን የመጠበቅን፣ ጊዜውን የመወሰንንና በአንድ ሰሞን የማደስን አሠራር አያፈርስም። ማስረጃው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ሲታወጅ አጽመ ርስት ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር አባ ቄራ ሥልጣኑን አጣ። ከርስቱ ተገልሎ የነበረው ጎረቤት ጓሳ ለመግባት መብት አገኘ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ነገር ግን የሚዘጋና የሚከፍት ሰው ሳይተካ ስለቀረ ሣሩም ቁጥቋጦውም ተመናመነ። አዋጁ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ መለሰ፤ መቼ ይታጨድ የሚለውን አልመለሰም። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ከቀበሌዎቹ የተውጣጣ የጓሳ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሶ ገነባው፤ የፍራንክፈርት ሥነ እንስሳት ማኅበር አገዘው፤ የአማራ ክልል መንግሥትም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጓሳን በደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አጸደቀው። የዘር ቆጠራው ቀርቶ አሠራሩ ተመለሰ፤ ሁለቱ ሊነጣጠሉ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሌላው ተቃውሞ ከመንገድ ዳር ይታያል። ዛሬ ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ፣ ከዘመሮ እስከ ራቤል የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ ነው። ገበሬው ራሱ ሣሩን ትቶ ቆርቆሮውን ከመረጠ፣ ስለ ሣር ሕግ ማውራት የሽማግሌ ትዝታ አይሆንም ወይ? ምርጫው ምክንያት አለው። ሣር ክዳን በእሳት በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ ቆርቆሮ አይነድም። ሣር አይጥና ትኋን ያስጠልላል፤ ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ ለዓመታት ይቆያል፣ የክብር ምልክትም ነው። ዝናብ የበላውና የረጠበ ሣር ክዳን ከባድ ነው፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከላይ የሚጫን ክብደት ሰው ይገድላል፤ ቆርቆሮ ግን ቀላል ነው። በዚህ ነጥብ ቆርቆሮው ይበልጣል፣ አልከራከርም። ግን ከቆርቆሮው ጋር የመጣውን ሌላ ነገር እንይ። ቆርቆሮ ክብ ቤት ስለማይመቸው ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ፤ የክቡ ግድግዳ ራሱን በራሱ ይደግፍ ነበር፣ ቀጥ ያለው ረዥም ግድግዳ ግን ማዕዘኑ ላይ ካልታሰረ ወደ ውጭ ይወድቃል። በጽድና በወይራ ወራጅ ምትክ ባሕር ዛፍ መጣ፤ ባሕር ዛፉ በጊዜ ይጣመማል፣ በምስጥም ይበላል። የቆርቆሮ ቤት በሌሊት ይበርዳል፣ በረዶ ሲወርድበት ሰው አያነጋግርም፣ በደንብ ካልተቸነከረ ነፋስ ይነቅለዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክዳኑ ከጓሳ ወደ ገበያ ተዛወረ። የቆርቆሮና የምስማር ዋጋ የሚወሰነው ከመንዝ ውጭ ነው፤ ቤቱ የፈረሰበት ድሃ መልሶ ለመክደን ከዚህ በኋላ ጎረቤት መጥራት አይበቃውም፣ ብር ወይም ርዳታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጥያቄው ሣር ወይስ ቆርቆሮ አይደለም። ሣሩ ሕግ ነበረው፤ ቆርቆሮው ግን ገበያ እንጂ ሕግ የለውም።

ስለ ቄሮ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለውርጭ፣ ለዝናብና ለድርቅ ይሠራል። ለመሬት መንቀጥቀጥ ግን አልሠራም፤ እዚህ ላይ ባህሉ ራሱ ወሰን አለው። ግንቦት 1953 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ከመንዝና ከግሼ ገደል በታች ካራ ቆሬና ማጀቴ አካባቢ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ትልቁ ከ6 በላይ መጠን ነበረው። ማጀቴ ፈራረሰች፤ ካራ ቆሬ ላይ ከግማሽ ትንሽ ያነሱት ቤቶች ወደቁ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከካራ ቆሬ በስተሰሜን 17 ኪሎ ሜትር ያህሉ በመሬት መሰንጠቅና በናዳ ተበላሸ። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ከተቋቋመ ጥቂት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። የጣቢያው መሥራች ኢየሱሳዊው አባት ፒየር ጉወን መንቀጥቀጡን መዝግበው አጥንተዋል፤ በ1971 ዓ.ም. ገደማ ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥም አካተውታል። ድንጋይና ጭቃ ብቻ የሆነ ግድግዳ ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት ይሸከማል፤ ወደ ጎን የሚመታውን ግን አይችልም። ጭቃው ይፈረካከሳል፣ የውስጡና የውጩ ድርብ ድንጋይ ይለያያል፣ ግድግዳው ለሁለት ተከፍሎ ይወድቃል። ቤቱን ከውርጭ የጠበቀው ወፍራም ግድግዳ ሲወድቅ መቃብር የሚሆነውም እርሱው ነው። አባ ቄራ ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ሊኖረውም አይችልም፤ ምክንያቱም ይህ መንቀጥቀጥ የሚመጣው በሰው ዕድሜ አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፣ ሰው ደግሞ ሕግ የሚያወጣው ከሚደጋገመው ነገር ተምሮ ነው። የወረቀት ሕግ ሥልጣን ሊያገኝ የሚገባውም እዚህ ነበር፤ የማይደጋገመውን ማስታወስ የመጽሐፍና የመንግሥት ሥራ ነውና።

ወረቀቱስ ምን አደረገ? የሚገርመው፣ ማጀቴ ከመፍረሷ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጥቶ ነበር። ያ ሕግ ስለ ሕንፃ ሁለት ቁም ነገሮች አሉት። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ያልተጠበቀ ቢሆንም እንኳ ኃላፊ ነው፤ ሥራ ተቋራጭም ለሠራው ሕንፃ ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ ነው። ሁለቱም ለከተማ ጥሩ ናቸው። ለማጀቴና ለመንዝ ገበሬ ግን ሁለቱም ባዶ ናቸው፤ ቤቱ የወደቀበት ራሱ ባለቤቱ ነው፣ የሠራውም ራሱና ጎረቤቱ ነው። ማን ማንን ይከሳል? ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች ተነሡ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል ይዞ፣ አገሩን በስጋት ቀጠና ከፋፈለ፤ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝም ከፍ ካለ ስጋት ውስጥ ተመደበ። በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሲወጣ ደረጃው የሕግ ጡንቻ አገኘ። ግን አዋጁ በዋናነት የተጻፈው 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር፤ ከዚያ ውጭ የሚመለከተው የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችንና መሰል ትላልቅ ግንባታዎችን ነበር። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው በመርሕ ደረጃ ተይዘዋል፤ ተማሪው ማታ የሚያድርበት ቤት አልተያዘም። ስጋቱን የሚያሳየው ካርታ ገጠሩን ቀለም ቀብቶታል፤ ሕጉ ግን የከተማው መጨረሻ ላይ ቆመ።

አዋጁን ለመከላከል የሚቀርበው ክርክር ይታወቃል። መንግሥት ሚሊዮን የገበሬ ቤት መፈተሽ አይችልም፤ መሐንዲስ የለም፣ በጀት የለም፤ ገበሬውን ፈቃድ አምጣ ማለት ለጉቦ በር መክፈት ነው፤ ድሃው ፕላን ማሠሪያ ከየት ያመጣል? ይህን ክርክር እቀበለዋለሁ፤ እንዲያውም ከተከላካዮቹ በላይ እቀበለዋለሁ። የወረዳ ባለሙያ በየጎጡ እየዞረ ማገር ቢቆጥር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። ግን ክርክሩ የሚያረጋግጠው ቤቱን መፈተሽ እንደማይቻል ብቻ ነው፤ ሕግ ማውጣት እንደማይቻል አያረጋግጥም። የጓሳው ሕግ አንድም ቤት ሳይፈትሽ ሠርቷል። የያዘው የቤቱን ጥሬ ዕቃና የማደሻውን ጊዜ ነበር። ዛሬም ሦስት ነገሮች ቤቱን ሳይነኩ ሊያዙ ይችላሉ፤ ቦታው፣ ጥሬ ዕቃውና የአናጺው ወይም የግንበኛው ዕውቀት።

ከሦስቱ አስቸኳዩ ቦታው ነው፤ ናዳ ግድግዳ አይመርጥምና። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ ከብዙ ዝናብ ጋር ተራራው ተንሸራትቶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ይዞ ወርዷል፤ በዚያን ጊዜ በሸዋ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ስለ ጥፋቱ ጽፏል። መስከረም 1998 ዓ.ም. ከመንዝ ማማ ምድር ገደል በታች፣ ደብረ ሲና አጠገብ፣ ይዛባ ወይንና አካባቢው ላይ ሰፊ መሬት ተንቀሳቅሶ ከሺህ በላይ መኖሪያ ቤት አፈረሰ፣ ሺዎችን አፈናቀለ። የጀማ ሸለቆ ዳርቻም ከዚህ አይለይም፤ ከላይ የባዛልት ድንጋይ ንብርብር፣ በመካከሉ ውኃ ሲጠጣ የሚለሰልስ ሸክላ፣ ከታች የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ስለሆነ የመርሐ ቤቴ ገደላ ገደል ክረምት ሲበረታ ይላላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በገዜ ጎፋ ከ200 በላይ ሰው በናዳ ሲቀበር፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ የተነሣው ተከታታይ መንቀጥቀጥ በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ አስነሣ። አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ የሚበልጥ መሬት እንዳይታረስ፣ ልቅ ግጦሽም እንዳይገባበት ይከለክል ነበር። አፈር እንዳይታጠብ ሕግ ወጥቷል። እዚያው ተዳፋት ላይ ቤት መሥራትን ግን ያ ክልከላ አያነሳም ነበር። ማሽላ እንዳይዘራ የተከለከለበት ገደል ላይ ሕፃን ማሳደግ አልተከለከለም ነበር።

ስለ ጥሬ ዕቃውና ስለ ዕውቀቱ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ይጠቅማል። ኔፓል ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በተንቀጠቀጠች ጊዜ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከወደቁት ቤቶች የሚበዙት ልክ እንደ መንዝ ድንጋይና ጭቃ ነበሩ። የኔፓል መንግሥት በመጨረሻ ድንጋይና ጭቃን አልከለከለም፤ ቢከለክል ተራራ ላይ ሲሚንቶ የሚያደርስ አልነበረውም። ይልቁንም በመሠረቱ፣ በመስኮቱ ሥርና በላይ፣ በጣሪያው ሥር ዙሪያውን የሚያስር አግድም የእንጨት ወይም የኮንክሪት መቀነት ያለው የድንጋይ ቤት ንድፍ አሳትሞ ለገበሬው ሰጠ፤ የመልሶ መሥሪያውንም ብር ደረጃው እየታየ በክፍል በክፍል ከፈለ። አሠራሩ እንከን አልነበረውም አልልም። ግን አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ሰው በእጁ ያለውን ነገር ይዞ ማጠናከር። ለእኛ ደግሞ ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና እንጨት በየተራ እየተደረበ የታሰረ ነው፤ በደብረ ዳሞም እንዲሁ። ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የአገራችን ግንበኛ በጭቃ ግንብ መካከል አግድም እንጨት ማስገባትና በመስቀለኛ እንጨት መቆለፍ ያውቅ ነበር፤ የአክሱም ሐውልቶች ሳይቀሩ ያንኑ የእንጨት አሠራር በድንጋይ ቀርጸው ያሳያሉ። ዕውቀቱ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ ቀረ እንጂ ወደ ገበሬው ጎጆ አልወረደም። ያልወረደበት ምክንያት ለእኔ አንድ ነው፤ እንጨት አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ የሕግ ዘሮች የሚገናኙት። መቀነት ለሚሆን እንጨት ጽድና ወይራ ያስፈልጋል፤ በሰሜን ሸዋ ደህና ጽድ ያለው እንደ ወፍ ዋሻ ባለ ጥብቅ ደን ነው። ትውፊት ወፍ ዋሻን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ያያይዘዋል፤ የመናገሻ ደንም ዘሩ ከዚያ እንደተወሰደ ይነገራል። ዛሬ ወፍ ዋሻ የመንግሥት ደን ነው፤ ከዚያ ላይ ለቤት መቀነት ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ደኑን የሚወድ ሁሉ ይቃወመዋል፣ እኔም እቃወመዋለሁ። ስለዚህ እንጨቱ የሚመጣው ገና ከሚተከል ደን ነው። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ሳይነካ የሚቆይ፣ ተራ ጠባቂ ያለው፣ የመቁረጫ ቀኑ በሕዝብ የሚወሰን፣ መጀመሪያ ለግንባታ ከዚያ ለማገዶ የሚከፈት የጋራ ደን ያስፈልጋል። ይህን ማስተዳደር ለመንዝ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ለሣር ለአምስት ዓመት የጠበቀ ሕዝብ ለእንጨትም መጠበቅ ይችላል። ከመንግሥት የሚፈለገው የመቀነቱን ንድፍ አትሞ ለግንበኛው ማስተማርና ለጋራ ደኑ እንደ ጓሳው ያለ ደንብ መስጠት ነው።

ለቦታው ደግሞ መሣሪያው አስቀድሞ በገበሬው እጅ አለ። በአማራ ክልል አብዛኛው ባለይዞታ የመሬት ይዞታ ደብተር አለው፤ ማሳው ስንት እንደሆነ፣ ከማን እንደሚዋሰን፣ ለምነቱ ምን ያህል እንደሆነ ተጽፎበታል። ይህ ቁራጭ ለቤት መሥሪያ አይሆንም የምትል አንዲት መስመር ብትጨመርበት ወጪዋ ከአንድ የጂኦሎጂ ጥናት አይበልጥም። አስቸጋሪው መስመሯን መጻፍ ሳይሆን መስመሯን ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። በገደል ጫፍ ላይ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ድርሻ ያልደረሳቸው ወጣቶች ናቸው፤ እዚያ የሚሠሩትም የወላጆቻቸው ማሳ ስላነሰና የገደሉን ጫፍ ማንም ስለማይፈልገው ነው። ከዚያ ተነሡ ከተባሉ ምትክ የሚሰጣቸው ሜዳ የወል ግጦሽ ብቻ ነው። የግጦሹ ባለቤቶች ደግሞ ቀደምት ነዋሪዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ እየተቆረሰ ሲሰጥ ያዩትን የወል መሬት ዳግመኛ ለመስጠት ፈቃደኛ አይሆኑም፣ ለበጎቻቸው ሌላ መዋያ የላቸውምና። ሕጉ ገደሉን ሲከለክል የሜዳውን ድርሻ አብሮ ካልወሰነ፣ ወጣቱ ክልከላውን ጥሶ እዚያው ጫፍ ላይ ይሠራል፤ ለዚያም ቤት ጥሩ ድንጋይና ጥሩ እንጨት የሚያወጣ አይኖርም፣ ነገ ሊፈርስ ይችላል ብሎ ያስባልና።